ስትር ፍራይ ልሰራ ብዬ ሁሌ ውሃ ያወጣብኛል፣ ምኑ ጋ ነው ምሳሳተው?

የሳቢያን እናት | ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ጀመዓ፣ የድሬም የሐረርም ልጆች እንዴት አመሻችሁ በዚህ ሙቀት። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከሥራ ምገባው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እስከ 1 ሰዓት ከሩብ እራት ካልቀረበ ትንሹ ሳይበላ እንቅልፍ ይወስደውና ሌሊት ራበኝ ብሎ ይነሳል። በዚህ ሰዓት ወጥ ልስራ ብል ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጅቡቲ ያለችው እህቴ ስትመጣ ስትር ፍራይ ምትለውን ትሰራልናለች፣ አትክልትና ስጋ ቶሎ ቶሎ ተጠብሶ በሩዝ ሚበላው፣ እሷ ስትሰራው ካሮቱ ኮርሸም ኮርሸም ይላል ጎመኑ መልኩ አይለወጥም ስጋውም ለስላሳ ነው። እኔ ስሰራው ግን መጥበሻው ሙሉ ውሃ ይሆናል፣ ስጋው እንደተቀቀለ ሆኖ ይደርቃል፣ ጎመኑ ይሟሟል። ልጆቹ ጠርገው ጠርገው ሩዙን ብቻ ይበላሉ።

ማረገው እንዲህ ነው፣ ሽንኩርቱን አቁላላለሁ፣ ቲማቲም እጨምራለሁ፣ ከዛ ስጋውን፣ ከዛ አትክልቱን በሙሉ አንዴ ከትቼ ጨው በትኜ እከድነዋለሁ።

አሁን ቤት ያለኝ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሦስት ካሮት፣ ቃሪያ አምስት ምናምን፣ ቅዳሜ ከቀፊራ የገዛሁት ፎሶሊያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እንቁላል አራት፣ ግማሽ ኪሎ የበሬ ስጋ፣ ሎሚና ሶያ ሶስ። ሩዝም አለኝ ትላንት ማታ የተረፈ፣ ከነድስቱ ጠረጴዛ ላይ አድሮ ጠዋት ነው ፍሪጅ ያስገባሁት። ስቶቬ ኤሌክትሪክ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ከሰል። ለነገ እራት ከዚህ ምን ላውጣ? ሌላ ነገር ልገዛ አልችልም፣ ስገባ ገበያው ተበትኗል።

ከዚራ ኩሽና | ሰኞ ማታ 3፡55

እህቴ ያለሽ ነገር ከበቂ በላይ ነው ወላሂ፣ እኔ ጅቡቲ ሬስቶራንት ውስጥ መጥበሻ ላይ ነው ብዙ ዓመት የቆምኩት፣ ከዚህ ባነሰ ነገር ለአስር ሰው አውጥተናል። ችግርሽ እቃው አይደለም። አንቺ ምትሰሪው ወጥ ነው፣ በወጥ አሰራር ሄደሽ ጥብስ አይወጣም።

እንዲህ አስቢው። አትክልትና ስጋ አብዛኛው ውሃ ነው። መጥበሻው በጣም የጋለና እቃው ትንሽ ከሆነ ውሃው እንደወጣ በንኖ ያልቃል፣ ላዩ ይጠበሳል። ሁሉንም አንዴ ስትከቺው ግን መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ይጠራቀማል፣ ውሃ ካለ ደግሞ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ስጋ ቡናማ ሚሆነውና ያ ሽታ ሚመጣው ከ140 በላይ ነው። ስለዚህ እየቀቀልሽ ነው ማለት ነው። ጨው ቀድሞ መበተን ውሃ ያስወጣል፣ ክዳን ደሞ እንፋሎቱን መልሶ ያወርደዋል፣ ቲማቲም ራሱ ውሃ ነው። ቲማቲሙን ለነገ ተይው፣ ጠዋት ለእንቁላል ይሆንሻል።

ነገ እንዲህ አርጊ። ከሁሉ በፊት ሁሉንም ነገር ቆርጠሽ ጨርሺ፣ ሶሱንም በስኒ በጥብጠሽ አጠገብሽ አርጊ፣ እሳቱ ላይ ከወጣ በኋላ ሽንኩርት ልላጥ ማለት የለም ምክንያቱም ጠቅላላው 10 ደቂቃ አካባቢ ነው ሚፈጀው። የታጠበ አትክልት በፎጣ ይድረቅ፣ እርጥቡን ከከተትሽው ያው ውሃ ነው። ስቶቭሽ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው ሚግለው፣ መጥበሻውን ባዶውን ጥደሽ 4፣ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ይሄ ግን ለብረት መጥበሻ ነው! የማይዝ መጥበሻ ማለት ቴፍሎኑ ባዶውን በኃይለኛ እሳት አይጋልም፣ ከመጠን በላይ ሲግል ሚያወጣው ጭስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ እሱ ከሆነ ያለሽ ዘይቱን ገና ከመጀመሪያው ጨምረሽ መካከለኛ እሳት ላይ አርጊው። የብረቱ ከሆነ ዘይት ሳይገባበት የውሃ ጠብታ ጣል ስታረጊበት ዘላ ዘላ ከጠፋች ደርሷል ማለት ነው።

ዘይት ሁለት ሾርባ ማንኪያ። ስጋው ግማሽ ኪሎ ነው አልሽ፣ በሁለት ዙር ክፈዪው፣ ጠፍጣፋ አርገሽ ዘርግተሽ አንድ ደቂቃ እንዳትነኪው፣ ማማሰል ለምደናል አውቃለሁ እጅ አያርፍም፣ ግን ተይው ይያዝ፣ ከዛ ገልብጠሽ ሌላ አንድ ደቂቃ፣ ወደ ሳህን አውጪው። ሁለተኛውን ዙር እንደዛው። ከዛ ትንሽ ዘይት ጨምረሽ ካሮትና ፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ ፎሶሊያው ጥሬ ከሆነ ቀድሞ በፈላ ውሃ 2 ደቂቃ አሳልፊውና ደህና አርገሽ አጠንፍፊው። ቀጥሎ ሽንኩርቱ በረዥሙ ተቆርጦ፣ ቀጥሎ ጎመን አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል 20 ሴኮንድ ብቻ ምክንያቱም ከቆየ ያርና ይመራል። ስጋውን ከነወዙ መልሺው። ሶሱ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ግማሽ ሎሚ፣ ቁንጥር ስኳር፣ ሦስት ማንኪያ ውሃ፣ ኮርን ፍላወር ካለሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በመጥበሻው ዳር ዳር አፍሺው፣ ገልበጥ ገልበጥ፣ አውርጂ። ጨው ሳትቀምሺ እንዳትጨምሪ፣ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው ነው።

መብራት ከጠፋ አትበሳጪ፣ ከሰሉ እንዲያውም ይሻላል። ደህና አርጎ የተያያዘ ከሰል አራግበሽ ብትሰሪበት ከኤሌክትሪኩ በጣም ይበልጣል። ግቢ ውጪ ግን፣ የከሰል ጭስ ዘግተው ሚሰሩበት ነገር አይደለም።

ደቻቱ ማዶ | ሰኞ ማታ 4፡02

ክዳኑን ነው መጀመሪያ ማንሳት። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ስከድን ነበር፣ ክዳኑን ብቻ በተውኩ ጊዜ ግማሹ ችግር ጠፋ።

ነጭ ጋዋን | ሰኞ ማታ 4፡15

ስለ ስጋውና አትክልቱ ተነግሯል፣ እኔ ስለ ሩዙ ልናገር ምክንያቱም ማንም አላነሳውም። ክሊኒክ ነው ምሰራው። እህት ያ ሩዝ ይጣል። አውቃለሁ እህል መጣል ይከብዳል፣ ሩዝም ርካሽ አይደለም፣ ግን ማታ ተቀቅሎ በዚህ በድሬ ሙቀት እስከ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሩዝ ለልጅ አይሰጥም። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ ሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም፣ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነሳና ይራባል፣ መርዝ ይተዋል። ከባዱ ነገር መርዙ በእሳት አይጠፋም፣ ስለዚህ ደህና አርጌ እጠብሰዋለሁ ማለት አይሰራም። ሚያስመልሰው ዓይነት ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ሚጀምረው፣ ትንንሽ ልጅ ደሞ በማስመለስ ቶሎ ውሃው ያልቃል።

ለጥብስ ሩዝ ያደረ ይሻላል ሚባለው እውነት ነው፣ ስለሚደርቅ አይጣበቅም። ግን ያደረው ፍሪጅ ውስጥ መሆን አለበት። እንደበሰለ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጊው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ በደንብ ሞቆ አንዴ ይበላ ከዛ በኋላ አይደገም።

አሸዋ ሰፈር | ሰኞ ማታ 4፡30

እኛ ቤት ግን ያደረ ሩዝ ጠዋት በሽንኩርት ጠብሰን ነው ስምንት ልጅ ሆነን ያደግነው፣ ፍሪጅም አልነበረም፣ እናታችን ድስቱን በጨርቅ ሸፍና ነበር ምታሳድረው። ማንም አልታመመም። ይሄን ያህል ማስፈራራት ልክ ነው?

ነጭ ጋዋን | ሰኞ ማታ 4፡48

ወንድሜ እናትህን አልነካሁም፣ የኔም እናት እንደዛ ነበር ምታረገው። ሁሌ ያሳምማል አላልኩም፣ ባክቴሪያው ሳይበዛ ሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ግን ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን ማታ በልተን ሌሊት ስናስመልስ ብርድ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ሙቀት ነው ይባል ነበር፣ ሩዙን ማን ጠረጠረው። ቦታውም ይለያያል፣ ሐረር ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እኛ ጋ ግን በበጋ ሌሊት ኩሽና ውስጥ ገብተህ ግድግዳውን ብትነካው ይሞቃል፣ ባክቴሪያ ደሞ ሚወደው እንደዚህ ያለውን ነው። ሁለት ስኒ ሩዝ ከልጅ ጤና አይበልጥም።

የጁገል ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

ከሐረር ሰላም። እህቴ የከዚራው ወንድም ያለሽን ሁሉ አርጊ፣ ስለ ስጋው ግን ልጨምርልሽ ምክንያቱም የኛ ሀገር የበሬ ስጋ ጠንካራ ነው፣ በሬው አርሶ አርሶ ነው ሚታረደው፣ እሳቱ ቢስተካከልም በትክክል ካልተቆረጠ ያው ይጠነክርብሻል። ስጋውን ስታዪው ክሩ ወደ አንድ በኩል ነው ሚሄደው፣ ያንን ክር አቋርጠሽ በስሱ ቁረጪ፣ ከክሩ ጋር አብረሽ ከሄድሽ እንደ ገመድ ነው ሚታኘከው። አሁን ጠዋት ሥራ ከመሄድሽ በፊት ቁረጪው ብዬ ነው በጠዋት ምጽፍልሽ። ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ጠንከር ሲል በስሱ ለመቁረጥ ይመቻል፣ ልጆቹን እስክታለብሺ ይደርሳል።

ከዛ ማታ ልክ እንደገባሽ ጫማ ሳታወልቂ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እሺው፣ ለግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ በዚህ መሀል አትክልቱን ቁረጪ፣ ከዛ ስጋውን በውሃ አለቅልቀሽ በፎጣ ጨምቀሽ አድርቂው። ያልታጠበ ከሆነ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም ሶዳ ነው፣ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ሱቅ ላይ ሲቀያየር አይቻለሁ።

ሌላው እኛ ሐረር ቤት ውስጥ ለውዝ አይጠፋም፣ የባቢሌ ለውዝ ደጃችን ነው። እኔ አንድ እፍኝ ቆልቼ ገለባውን አራግፌ በሙቀጫ ሸክሸክ አረገዋለሁ፣ እንዳይደቅ፣ ግማሹን ሶሱ ውስጥ ግማሹን ከወረደ በኋላ ከላይ። ሶያ ሶስ ያለቀብኝ ቀን ለውዝ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳርና አንድ የተፈጨ ቃሪያ ነው ምጠቀመው፣ ወላሂ ሶያ ሶሱ አይናፍቀኝም። ልጆችሽ ለውዝ ከዚህ በፊት በልተው ምንም ካላላቸው ነው ታዲያ።

በርበሬ ደሞ በጋለው ዘይት እንዳትከቺ፣ በአንዴ ያራል፣ ሳል ብቻ ነው ሚተርፍሽ። ሚጥሚጣ ለትልቁ ሰው ሳህን ላይ ይነስነስ። ሩዙን አዲስ ምትቀቅዪ ከሆነ ጠዋት ቀቅለሽ በትሪ አቀዝቅዘሽ ፍሪጅ አስገቢው። እዚህ ሐረር 1,850 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ ገና 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው ሚፈላው፣ ሩዝ ይቆያል፣ እናንተ ጋ ቶሎ ይደርሳል።

ለገሀሬ | ማክሰኞ ቀን 6፡40

ይሄን ሳነብ ራበኝ። ለነገ ረቡዕ የጾም ምትሉኝ አለ? ስጋም እንቁላልም ሲወጣ ሚቀረው ጎመን ብቻ ሆኖ ባዶ ባዶ ይለኛል፣ 9 ሰዓት ላይ ሲበላ ደሞ ሆድ መያዝ አለበት።

ከዚራ ኩሽና | ማክሰኞ ቀን 7፡05

የሶያ ስጋ ሚሉት ደረቁ አለ አይደል፣ በሙቅ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈሽ በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ ጨምቂው፣ ጭምቅ ካላልሽው ውሃውን መጥበሻ ላይ ይተፋዋል፣ ከዛ ልክ እንደ ስጋው ቀድሞ ብቻውን ይጠበስ። እሱ ከሌለ የተቀቀለ ሽምብራ፣ አድርቀሽ ዘይት ላይ ላዩ እስኪፈነዳ አርጊው፣ ከውጭ ይደርቃል ከውስጥ ለስላሳ ነው። ድንችም ይሆናል ግን እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ተቆርጦ ሁለት ሦስቴ በውሃ ታጥቦ ነጩ ዱቄት ይውጣለት፣ አለበለዚያ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። የሐረሯ እህት ያለችውን ለውዝ ከላይ፣ ሆድ ይይዛል።

ሀረማያ ዶርም | ማክሰኞ ቀን 8፡30

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ አንድ መጥበሻ ነው፣ ስጋ በወር አንዴ። ማረገው ፓስታ ቀቅዬ ወጣ ሲል በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ ትንሽ ዘይት አሸዋለሁ፣ ካሮት ጎመን ሽንኩርት ጠብሼ ወደ ዳር ገፋ አርጌ መሀሉ ላይ ሁለት እንቁላል ሰብሬ ፈርፈር ሲል ከፓስታው ጋር አቀላቅላለሁ። እዚህ አካባቢ ካሮትና ድንች ከማሳው ነው ሚመጣው፣ ትኩስ ስለሆነ ራሱ ይጣፍጣል። እህቴ ስጋው ባይደርስልሽ እንኳን አራት እንቁላል አለኝ ብለሻል፣ በዛ ብቻ እራት ይወጣል። ለስጋው ብለሽ ልጁ ሳይበላ እንዳይተኛ።

የሳቢያን እናት | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ጀመዓ እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም። ልጆቹ ተኝተው ነው ምጽፈው።

ሩዙን ጣልኩት። ጠዋት አዲስ ቀቅዬ በትሪ ዘርግቼ ፍሪጅ አስገብቼ ነው የወጣሁት፣ ስጋውንም የጁገሏ እህቴ እንዳለችው ክሩን አቋርጬ ቆረጥኩት፣ ክሩን እንዲህ አይቼው አላውቅም ነበር ለካ በግልጽ ይታያል። ማታ ስገባ መብራት የለም። መጀመሪያ በቃ እንጀራ በሻይ ይብሉ አልኩና ከዛ የከዚራው ወንድሜ ስለ ከሰል ያለው ትዝ አለኝ፣ ትልቋ ልጄ ግቢ ከሰሉን አያያዘች፣ እኔ በስልክ መብራት አትክልቱን ቆረጥኩ፣ ሶዳው 15 ደቂቃውን እስኪጨርስ ከሰሉ ቀላ። የብረት መጥበሻዬ የእናቴ ነው፣ ከባድ ስለሆነ ቁም ሳጥን ላይ ነበር የተቀመጠው፣ አውርጄ አጠብኩት።

የመጀመሪያው ዙር ስጋ ሲገባ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። ቸስስስ ብሎ ዝም አላለም፣ እኔ ቤት ሁሌ ቸስ ብሎ ወዲያው ዝም ነበር ሚለው። ሳልነካው አንድ ደቂቃ መቆም ከበደኝ፣ ልጄ ናት በስልክ ሰዓት የያዘችልኝ እማዬ ገና ነው እማዬ ገና ነው እያለች። ስገለብጠው ቡናማ። ውሃ የለም። ጎመኑ አልሟሟም ቃሪያው ሸተተ፣ ጎረቤቴ በአጥር ምንድነው ዛሬ ብላ ጠየቀች፣ በሳህን ሰጠኋት። ለውዝ ቤት ስላልነበረ ያለሱ ነው የበላነው፣ ለሚቀጥለው እገዛለሁ። 1 ሰዓት ከ20 ላይ ቀረበ፣ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ፣ ትንሹ ነቅቶ ነበር። ስጋውን ለቅሞ በላ፣ ጨምሪልኝ አለ። ጨምሪልኝ ብሎኝ አያውቅም በማታ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ካሮቱ ከውስጥ ጥሬ ጥሬ አለ፣ ትልቋ አወጣችው። በደንብ ነው 3 ደቂቃ የጠበስኩት። ደሞ ሁሉንም መቁረጡ ነው ጊዜ የፈጀብኝ፣ በዋዜማው ቆርጦ ማሳደር ይቻላል?

ከዚራ ኩሽና | ማክሰኞ ማታ 4፡35

ጨምሪልኝ ካለ አለቀ እኮ፣ ደስ አለኝ አቦ። ካሮቱን ክብ ክብ አርገሽ ወፍራም ቆርጠሽው ነው። አግድም ጋደል አርገሽ በስሱ ቁረጪው፣ ከዛ ያንን ደርድረሽ በረዥሙ እንደ ክብሪት እንጨት፣ 3 ደቂቃ በትክክል ይበቃዋል። ትንንሹ ካሮት ለመቁረጥ ሚያስቸግር ከሆነ በድንች መላጫው ረዣዥም አርገሽ ላጪው፣ እሱ አንድ ደቂቃም አይፈጅም፣ ከጎመኑ ጋር አብሮ ይግባ።

ማሳደር ይቻላል፣ ካሮት፣ ጎመንና ፎሶሊያ ደርቀው በክዳን እቃ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ምንም አይሆኑም፣ ከስር የወረቀት ፎጣ አንጥፊላቸው እርጥበቱን ይይዘዋል። ሽንኩርቱን ግን ምትጠብሺበት ማታ ቁረጪ፣ ያደረ ሽንኩርት ይሸታል፣ ፍሪጁንም ያሸትብሻል።